ፉርጎውና ጭነቱ፦ ስለ ጉበት ቫይረስ «ቢ» የደም ምርመራ ለድሬዳዋ ሕዝብ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ስለ አንዲት ወረቀት ለመናገር ነው። ወረቀቲቱ ከእጅ መዳፍ እምብዛም አትበልጥም፤ በግራ በኩል የምርመራው ስም በፈረንጅ ፊደል ታትሞባት፣ በቀኝ በኩል በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ ቃል ተጽፎባት፣ ከግርጌዋ የላቦራቶሪው ክብ ማኅተም አርፎባት ከባለቤቷ እጅ ትገባለች። እኔም ዕድሜዬን በላቦራቶሪ ወንበር ላይ የፈጀሁ ሰው እንደ መሆኔ እንዲህ ያለችውን ወረቀት ቁጥር ስፍር የሌለው ጊዜ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ነገር ግን እውነቱን ልናገርና፣ ሰው ያችን ወረቀት ታቅፎ ከበሩ ከወጣ በኋላ ቤቱ ገብቶ ምን ብሎ እንደሚያነባት ማሰብ የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ አንድ የጎረቤት ቤተሰብ ነው፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ስማቸውን ግን በልቤ አስቀርቼ እተርክላችኋለሁ። ባለፈው ዓመት የቀትሩ ሐሩር በረድ ብሎ ሰው ከየቤቱ ብቅ ብቅ በሚልበት በአሥር ሰዓት ገደማ ከደጄ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ የሆነችው ጎረቤቴ ወረቀት ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ እስኪ ይሄን እይልኝ» አለችኝ። በእኛ ከተማ ለታላቅም ለታናሽም «አንተ» ማለት ንቀት እንዳልሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ይህ ንግግር ታትሞ በሌላ አገር የሚያነበው ሰው ግን እንዳይቀየምልኝ አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ልጅቱ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ለመሄድ አስባ የጤና ምርመራ አድርጋ ኖሯል፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ይህን ቫይረስ በደሙ የያዘውን ሠራተኛ አያስገቡምና «አታልፊም» ተብላ ተመልሳለች። በወረቀቲቱ ላይ የተጻፈው «ኤች ቢ ኤስ ኤጂ፦ ፖዘቲቭ» የሚል ነበር፤ ከዚያ በቀር አንዲት ቃል የነገራት የለም። አያቷ የሌሊት ወፍ አልፎባት ይሆናል አሉ፤ አባቷ ዝም አለ፤ እናቷም፣ በልጇ ፍቅር ተጨንቃ እንጂ ክፋት ኖሮባት አይደለም፣ የልጅቱን ብርጭቆ ለይታ በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችላት።

ስለ ወፉ አንድ ነገር ልበል። ይህን ደዌ አማርኛ ተናጋሪው «የወፍ በሽታ» ብሎ ሲጠራው የኦሮሞ ወንድማችንም እንዲሁ ከወፍ ጋር ያዛምደዋል፤ ሶማሊው ደግሞ የአረንጓዴን ቀለም ስም ተውሶ «ዐጋርሾ» ይለዋል። ሁሉም የተመለከቱት ያንኑ፣ የዐይንን ነጭ የሚለብሰውን ቢጫነት ነው፤ አያቶቻችንም በዐይናቸው ያዩትን በመሰየማቸው አይነቀፉም። ስሙ የሚያሳስተን ግን እዚህ ላይ ነው፦ ዐይን ቢጫ የሚሆነው ጉበት በብዙ ምክንያት ሲታወክ፣ የሐሞት መንገድም በጠጠር ሲዘጋ ሲሆን፣ የጉበት ቫይረስ «ቢ» በደማቸው ከሚኖርባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ግን ዐይናቸው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ዓመታትን ያሳልፋሉ። ያቺ ልጅ ከፊቴ ስትቆም ዐይኗ ጥርት ያለ ነበር። ደዌው ቢመለከቱት የማይታይ በመሆኑ ነው እንግዲህ ደምን መጠየቅ የሚያስፈልገው።

ደምን እንዴት መጠየቅ እንደሚቻል ለዓለም ያሳወቀው ሰው ራሱ ይህን ደዌ ፍለጋ የወጣ አልነበረም። አሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብሉምበርግ የሰው ልጆች ደም ከአገር አገር በምን በምን እንደሚለያይ ለመመርመር ከየአህጉሩ የደም ናሙና ይሰበስብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ከአንድ የአውስትራሊያ ጥንተ ነዋሪ ደም ውስጥ ቀድሞ ያልታወቀ ነገር ማግኘቱን አስታወቀና ስሙን «የአውስትራሊያ አንቲጅን» አለው። ነገሩ ምን እንደሆነ ግን ገና አላወቀም ነበር። በ1967 ባርባራ ወርነር የተባለች የላቦራቶሪው ሠራተኛ ሰውነቷ ቢደክምባት የራሷን ደም በዚያው ምርመራ ብታየው፣ ቀድሞ ያልነበረባት አንቲጅን ተገኘባት፤ ቀጥሎም የጉበት ሕመም ያዛት፤ ከጊዜ በኋላ እርሷም ዳነች፣ አንቲጅኑም ከደሟ ጠፋ። እኛ ላቦራቶሪ የኖርን ሰዎች ይህችን ሴት አንረሳትም፤ በዚህ ምርመራ የታወቀው የመጀመሪያው የጉበት ቫይረስ ሕመም በመርማሪዋ በራሷ ላይ የተገኘው ነውና። ብሉምበርግ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ የልደቱ ቀን ሐምሌ 21 ዛሬ የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ሆኖ ይታሰባል። በአገራችንም ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ የኢትዮጵያውያንን የጉበት ደዌ ለብዙ ዘመን ከመረመሩትና ላልታወቀው ነገር መልክ ከሰጡት ሊቃውንት አንዱ መሆናቸውን ሳላነሣ ማለፍ አልወድም።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። በልጅቱ ወረቀት ላይ የነበረው «ኤች ቢ ኤስ ኤጂ» ያ የአውስትራሊያ አንቲጅን ነው፤ ይኸውም የቫይረሱ የውጭ ልባስ ማለት ነው። እኛ ድሬዳዋዎች እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡር ስለ ደረሰልን ከተማ የሆንን የለገሃር ልጆች ነንና ነገሩን በባቡር ብገልጠው ይቀለኛል። ቫይረሱ በጉበት ውስጥ ሲራባ ፉርጎ ይሠራል፤ ፉርጎውም ልባሱ ነው፤ በፉርጎው ውስጥ የሚጫነው ደግሞ አስኳሉ፣ ዘሩን የተሸከመው ክፍል ነው። ታዲያ ይህ ፍጥረት እንግዳ የሆነ አባካኝ ነው፤ አንድ ጭነት ያለው ፉርጎ ሲልክ ከርሱ ጋር ከ1,000 እስከ 100,000 የሚደርስ ባዶ ፉርጎ ወደ ደም ይለቃል። ልጅቱ የተመረመረችባት ፈጣን ምርመራ የምታየው ፉርጎውን ብቻ ነው። በሐዲዱ ዳር ቆሞ ፉርጎ ሲያልፍ የሚያይ ሰው «ባቡር አለ» ብሎ ቢመሰክር ምስክርነቱ እውነት ነው፤ ስንቱ ተጭኗል፣ ጭነቱስ የት የት ተራግፎ ምን አጠፋ ብላችሁ ብትጠይቁት ግን የሚመልሰው የለውም። ልጅቱን ያስለቀሳት ወረቀትም የመሰከረላት ይህንኑ ያህል ነው፦ ቫይረሱ በሰውነቷ አለ። ጉበቷ ታሟል አላለም፤ ትሞቻለሽም አላለም።

ምርመራዋ ራሷ እንዴት ያለች ናት? ከጣት ጫፍ የተወሰደች የደም ጠብታ፣ ወይም ከደም የተለየው ውኃ፣ በአንዲት ጠባብ ስስ ወረቀት ጫፍ ላይ ታርፋለች፤ እርጥበቱ እንደ ጧፍ ክር ዘይት ወደ ላይ እየተሳበ ሲሄድ ቀይ ቀለም ይከተለዋል፤ ከሩብ ሰዓት ወይም ከሃያ ደቂቃ በኋላ «ሲ» በምትባለው ፊደል አጠገብ አንድ መስመር ይሰመራል፤ ይህ ምርመራው በትክክል ለመሥራቱ ምልክት ነው። «ቲ» በምትባለው አጠገብ ሁለተኛ መስመር ከተሰመረ አንቲጅኑ ተገኝቷል ማለት ነው፤ መስመሩ ቢደበዝዝም መስመር ነው። የ«ሲ» መስመር ካልወጣ ግን የ«ቲ» ቢወጣም ባይወጣም ፈተናው ከንቱ ነውና በሌላ ይደገማል። ከተወሰነው ሰዓት አልፎ የተነበበች ወረቀት ያልነበረ መስመር ልታሳይ ትችላለችና ሰዓቱን መጠበቅ የመርማሪው ግዴታ ነው። ወጣት ባልደረቦቼ ቡና ሊጠጡ ወጥተው ሲመለሱ ሲያነቡ ባየሁ ቁጥር እቆጣ ነበር፤ ዛሬም እቆጣለሁ።

እዚህ ላይ ስለዚያች «ፖዘቲቭ» ስለምትባል ቃል አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። በኤች አይ ቪ የመከራ ዘመን ያለፍን ሁሉ ይህችን ቃል ስንሰማ ልባችን የሚሸበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገር ግን ትርጓሜዋ «የተፈለገው ተገኘ» ከማለት አያልፍም፤ የተፈለገው ነገር መልካም ከሆነም መገኘቱ ምሥራች ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ሹፌር «አንቲ ኤች ቢ ኤስ፦ ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ ፊቱ አመድ ለብሶ መጣብኝ፤ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰም ነበር። «አንቲ» ማለት ግን «ፀረ» ማለት ነው፤ የተገኘበትም ቫይረሱ ሳይሆን ቫይረሱን የሚከላከለው የሰውነት ዘብ ነበር። መጠኑም ተለክቶ ከ10 ዩኒት በላይ ነበርና እርሱን ያህል ከዚህ ደዌ የተጠበቀ ሰው በዚያን ዕለት በላቦራቶሪው ግቢ ውስጥ ብዙ አልነበረም። ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ስለ ሦስቱ ቀን ጾሙ ተቆጣኝ።

ከልጅቱ በኋላ የቤቱ ሰው ሁሉ እንዲመረመር መከርኳቸው፤ አንድ ሰው ሲገኝበት እናት፣ አባት፣ ወንድምና እኅት፣ ባለ ትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ መታየት አለባቸውና። አራቱ ወረቀቶች በጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ሲዘረጉ፣ በትምህርት ቤት በወር የምንማረውን ያህል አንድ ቤተሰብ በአንድ ምሽት አስተማረኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ታናሽ ወንድሟ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። እርሱ አንቲጅኑ የለበትም፤ የልባሱ ዘብ ግን በደሙ ተገኝቷል፤ የአስኳሉ ዘብ የለውም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከባቡራችን ላይ ሳንወርድ እናገኘዋለን፤ ክትባቱ የሚሠራው ከባዶ ፉርጎ ነው። የመጀመሪያው ክትባት ቫይረሱን ከተሸከሙ ሰዎች ደም የተጣራ ያው ባዶ ልባስ ሲሆን፣ ከ1986 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ እርሾ ልባሱን ብቻ እንዲሠራ እየተደረገ ይዘጋጃል። ስለዚህ የተከተበ ሰው አካል ፉርጎውን እንጂ ጭነቱን አይቶ አያውቅምና የአስኳሉን ዘብ አያቆምም። በአገራችን ይህ ክትባት ከሌሎች አራት ጋር ተጣምሮ ሕፃናት በተወለዱ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንታቸው ይሰጣቸው የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ እኅቱ ከዚያ በፊት፣ እርሱ ከዚያ በኋላ ተወለዱ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያመጣው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አባትየውም አንቲጅኑ የለበትም፤ በእርሱ ግን ሁለቱም ዘቦች፣ የልባሱም የአስኳሉም፣ ተገኙ። ይህ ሰው ክትባት ወስዶ አያውቅም፤ እንግዲያውስ ቫይረሱ ራሱ አንድ ዘመን ገብቶበት፣ ሰውነቱ ታግሎ አሸንፎት ወጥቷል ማለት ነው፤ መቼ እንደሆነ እርሱም አያውቀው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የአስኳሉ ዘብ ብቻውን ይገኛል፤ ይህ አንቲጅኑ ጠፍቶ የልባሱ ዘብ ገና ባልቆመበት ጊዜ ወይም ከብዙ ዘመን በኋላ ሊሆን ይችላልና፣ እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው ራሱ ከመተርጎም ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

የቀሩት ልጅቱና እናቷ ናቸው፤ በእናትየውም ደም አንቲጅኑ ተገኝቷል። በእነርሱ ነገር የመጀመሪያው ዳኛ ጊዜ ነው፤ አንቲጅኑ ከስድስት ወር በኋላ ተመርምሮ ካለ ደዌው ሥር የሰደደ ይባላል። በዕድሜ ከበሰለ በኋላ የተያዘ ሰው ከመቶው ከአምስት በታች ካልሆነ በቀር ቫይረሱን ከአካሉ ያወጣዋል፤ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜው የተያዘ ሕፃን ከመቶው ከ30 እስከ 50፣ በልደቱ ሰዓት ከእናቱ የወሰደ ደግሞ ከመቶው እስከ 90 ድረስ አብሮት ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት ይውሰድ የሚለውም ስለዚሁ ነው። እንደ ድርጅቱ ግምት በ2022 እ.ኤ.አ. ሥር የሰደደው ደዌ ያለባቸው ሰዎች 254 ሚሊዮን ነበሩ፤ በአገራችን የተደረጉት ጥናቶች ተጠቃልለው ሲታዩም ከመቶ ሰው ሰባት ያህሉ አንቲጅኑ ይገኝበታል። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ በዐይናችሁ ብትቆጥሩ ስንት እንደምንሆን እናንተው ድረሱበት።

ከስድስት ወር በኋላ የሁለቱም አንቲጅን እንደ ነበረ ተገኘ። አሁን ጥያቄው ከፉርጎው ወደ ጭነቱ ያልፋል። ጭነቱን የሚቆጥረው ምርመራ የቫይረሱን ዘር በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ በቁጥር የሚናገረው ነው፤ ዋጋው ከበድ ይላል፣ በየቦታውም አይገኝም፤ ባላገኘንበት ጊዜ «ኢ አንቲጅን» የተባለው ስለ መራባቱ ብዛት ጥቂት ይጠቁመናል። ጭነቱ በጉበት ላይ ያደረሰውን ደግሞ ሌሎች ይነግሩናል፤ «ኤ ኤል ቲ» የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ሕዋሳቱ ሲቆስሉ ወደ ደም ይፈስሳል፤ የደም አርጊ ሕዋሳት ቁጥር ማነስና አልትራሳውንድ ስለ ጠባሳው ይናገራሉ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ለኤ ኤል ቲ እስከ 40 ድረስ ጤና ነው ብለው ያትማሉ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ለወንድ 30፣ ለሴት 19 ያደርገዋልና ወረቀታችሁን ስትይዙ ይህንንም አስታውሱ።

የልጅቱ ጭነት ጥቂት ነበር፤ ኤ ኤል ቲዋም ከ19 በታች። ሐኪሙ መድኃኒት አላዘዘላትም፤ እየተመላለሰች እንድትታይ ብቻ ቀጠሮ ሰጣት። ከሁለቱ የበረታው የእናትየው ነበር፤ አንድም ቀን ታምሜ አላውቅም የምትለው፣ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ቀፊራ ገበያ የምትወርደው ሴት፣ ጭነቷ በአሥር ሺህ የሚቆጠር፣ ጉበቷም ጠባሳ የጀመረው ሆኖ ተገኘ። ለእርሷ ቴኖፎቪር የተባለው እንክብል ታዘዘላት፤ በቀን አንድ ነው፤ ቫይረሱን ነቅሎ አያወጣውም፣ መራባቱን ግን ይገታዋል፤ ያለ ሐኪም ፈቃድ በድንገት መተው ግን ጉበቱን በኃይል ሊያስቆጣው ይችላልና አደገኛ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለውን ሕክምና በሰፊው በመስጠትና በማጥናት እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ቀዳሚ የሆነው በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው።

የምሥራቅ ሰው ስለሆንን ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛው ጫት ነው። በሐረር ሆስፒታሎች በሚታከሙ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት ደዌ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ከተማችን ቀትር ላይ ለምን ፀጥ እንደምትል የማውቅ ሰው ስለሆንኩ በርጫን በአንድ ንግግር አጠፋለሁ ብዬ አልመካም፤ በደሙ ይህ ቫይረስ ያለበት ሰው ግን ጉበቱ ሁለት ጌታ እንዳይገዛው ቢያስብ ይበጀዋል። ሁለተኛው የባቢሌ ኦቾሎኒያችን ነው፤ ርጥበት ይዞ የሻገተ ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያፈራል፤ ይህ መርዝ ከቫይረሱ ጋር ሲገናኝ የጉበትን ካንሰር ያፋጥናል። የሻገተውን፣ የመረረውን መጣል እንጂ ቆልቶ መብላት አያድንም። ይህን ደዌ ሥራ ሥርና ቅጠል ያድነዋል ብለው ጠበቃ የሚቆሙ ወዳጆችም አሉኝ፤ ጭነቱን ከመጠጡ በፊትና በኋላ አስቆጥረው ቢያሳዩኝ እሰማቸዋለሁ።

በመጨረሻም ስለዚያ ብርጭቆ። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በሩካቤ፣ በልደት፣ በጋራ ምላጭና በመርፌ፣ ባልተቀቀለ የንቅሳት መሣሪያ ነው፤ ከሰውነት ውጭ ሰባት ቀን ያህል መቆየት ይችላልና ምላጭና የጥርስ ብሩሽ በእርግጥ ይለያል። ጉርሻ ግን አያስተላልፍም፤ ሰላምታም፣ አንድ መሶብም፣ አንድ ብርጭቆም አያስተላልፉም። ይህን ለእናትየው ስነግራት የራሷ ወረቀት በእጇ ነበር፤ ልጇ ከእርሷ በልደት ወስዳው ሊሆን እንደሚችልም ሐኪሙ አስረድቷት ነበር። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ የእኔን ብርጭቆ ማን ይለይልኝ?» አለች። ልጅቱ «አንቺ ደግሞ!» ብላ ሳቀች። እናትየው ተነሥታ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አቧራ የለበሰውን ብርጭቆ አወረደች፤ አጠበችው፤ ከሌሎቹ አራቱ ጋር በአንድ ሰርቪስ ላይ ደርድራ ሻይ ቀዳችልን፤ የትኛው ለማን እንደ ደረሰ ግን፣ እኔ እንኳ በላቦራቶሪ ዐይን ብመለከትም፣ ልለየው አልቻልኩም።